«ስምንት እሞላለሁ፣ ሰባት አገኛለሁ»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ዘይት ናቸው። የወጥ ዘይት አይደለም፤ የእሱን ዋጋ ቤት ይቁጠረው። የተጠየቅሁት ስለ ትንንሽ አውሮፕላን የሞተር ዘይት ነው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዚያው። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን የ1974 ሞዴል ሴስና 172 ገዛን። ሞተሩ ላይካሚንግ ኦ-320 ነው፣ 150 የፈረስ ጉልበት። ሁሌ ከመብረራችን በፊት ስምንት ኳርት እስኪሆን ዘይት እንሞላለን። ሁለት ሰዓት በርረን ስንመለስ ሰባት ነው። እንደገና ስምንት እንሞላለን፣ እንደገና ሰባት። ሆዱ ሥር ጥቁር ዘይት ተለጥፎ ይታያል። አንድ ጋራዥ «ፋሻው አልቋል፣ አራቱም ሲሊንደር ይውረድ» አለን። የጠየቀን ገንዘብ አውሮፕላኑን የገዛንበትን ሲሶ ያህላል። ከመካከላችን አንዱ እንሽጠው እያለ ነው። ምን ይሉናል?

መልስ፦ አትሽጡት። ሲሊንደሩንም ገና አታውርዱት። መጀመሪያ ስምንት መሙላታችሁን አቁሙ።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ኳርት ማለት ከሊትር ትንሽ ያነሰ ነው፣ 0.95 ሊትር ገደማ። ፋሻ ደግሞ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ያደገ ሰው ሌላ ስም አያውቅለትም።

አሁን ስምንት ስትሞሉ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ይህ ሞተር ዘይቱን የሚያጠራቅመው እዚያው ከሥሩ ባለ ገንዳ ውስጥ ነው። ከገንዳው በላይ ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ገንዳው እስከ አፉ ሲሞላ ዘይቱ ይርገፈገፋል፣ ውስጡ ጭጋግ ይሆናል። ከፒስተኖቹ ጎን አምልጦ ወደ ታች የሚገባ ጋዝም አለ፤ ጤነኛ ሞተርም ጥቂት ያሳልፋል። ያ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። ለዚህ ተብሎ መተንፈሻ ቱቦ ተሠርቶለታል፤ ቱቦው ወርዶ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ይከፈታል። ጋዙ ሲወጣ ጭጋጉን ይዞት ይወጣል። ሆዱ ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር እሱ ነው። ሞተሩ ያንን ዘይት አልበላውም፤ ተፋው እንጂ። ስኒ እስከ አፉ ሞልታችሁ ስታቀብሉ የሚሆነው ነው። ሳህኑ ላይ የሚፈሰው ሁሌም የላይኛው ቡና ነው።

የራሴን ፈጠራ እየነገርኩህ እንዳይመስልህ። የአውሮፕላናችሁን መጽሐፍ ግለጡ። ከስድስት ኳርት በታች አትብረሩ ይላል። ከሦስት ሰዓት ላነሰ በረራ ሰባት ሙሉ ይላል፤ በመተንፈሻው የሚባክነውን ለመቀነስ ብሎ ምክንያቱንም ጽፎታል። ስምንት የተባለው ለረጅም ጉዞ ነው። መጽሐፉ ከወንበር ኪስ ሳይወጣ ሃምሳ ዓመት ኖሯል ማለት ነው። የጎረቤት ቁጥር ግን አትዋሱ። ከእናንተ ቀጥሎ የመጣው 172ኤን ገንዳው የሚይዘው ስድስት ነው፣ ዝቅተኛው አራት። ስሙ ያው 172፣ ሞተሩ ግን ሌላ ነው።

አሁን የቤት ሥራ። የአንድ ዶላር ደብተር ግዙና አውሮፕላኑ ውስጥ አስቀምጡ። ሰባት ሙሉና ስድስት እስኪደርስ እጃችሁን ሰብስቡ። የሞተሩን ሰዓት፣ የዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ቁጥርና የተጨመረውን ጻፉ። አራታችሁም፣ ሳታሰልሱ። ከፊቴ እንዲህ ያለ ደብተር አለ፤ የሌላ ሰው 172 ነው፣ ሞተሩ ከእናንተው ጋር አንድ ዓይነት። ባለቤቱም እንዳንተ ደንግጦ ነበር የመጣው። ገጹ እንዲህ ይላል። «3112.4፣ 8 ሞላን።» «3114.5፣ 7።» እዚህ ላይ ሰውየው ሊጨምር ጠርሙስ ሲከፍት እጁን ያዝኩት። «3119.0፣ ስድስት ተኩል።» «3123.7፣ 6።» የመጀመሪያው ኳርት በሁለት ሰዓት ሄደ። ሁለተኛው ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ያው ሞተር፣ ያው ሰው፣ ያው ዘይት። «6» የሚለው ሥር በእርሳስ የሳቀ ፊት ስሎበታል።

ሠሪው ለፍጆታው ጣሪያ አበጅቶለታል። የፈረስ ጉልበቱን በ0.006 አባዛ፣ ከዚያ በ4፣ ከዚያ ለ7.4 አካፍል። ለ150 ጉልበት በሰዓት 0.49 ኳርት ይመጣል፤ በሁለት ሰዓት አንድ ኳርት ማለት ነው። የእናንተ ቁጥር ልክ ጣሪያው ላይ ያረፈ ነው፤ ጋራዡም የደነገጠው ለዚህ ይሆናል። ከሰባት ወደ ስድስት ለመውረድ ስምንት አሥር ሰዓት ከፈጀ እሰየው። አራት አምስት ሰዓት ከሆነ ሸምግሏል፣ ግን ይሠራል። ያም ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ ጋራዡ ልክ ነበር፣ ይቅርታ ጠይቁት።

እኔን የሚያስፈራኝ ለውጥ ነው። ለዓመታት በአምስት ሰዓት አንድ ኳርት ሲበላ የኖረ ሞተር ጎረቤቴ ነው፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። በአሥር ሰዓት አንድ ሲበላ ቆይቶ ካለፈው ወር ወዲህ በአራት ሰዓት ከጀመረ ግን ዛሬውኑ ኮፋኖው ይከፈት። ደብተሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በቃል የተያዘ ፍጆታ ሁሌ «ያው እንደ ድሮው» ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ከወንበርህ ሆነህ የዘይት መጠን የሚነግርህ ጌጅ የለም። ያለው የግፊትና የሙቀት ጌጅ ነው። ግፊቱ ደግሞ አታላይ ነው። ገንዳው ውስጥ ሁለት ኳርት እስኪቀር ፓምፑ ዘይት ያገኛል፣ መርፌውም አረንጓዴው ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣል። ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ግን መርፌው አንድ ጊዜ ይወድቃል። ግፊት ሲወርድ ሙቀት አብሮ ከወጣ ቅርብ ወዳለ ሜዳ አፍንጫህን አዙር። ግፊቱ ወርዶ ሙቀቱ ካልተነቃነቀ ጌጁም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን መሬት ወርደህ አጣራ።

ሲሊንደር ከማስወረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አስደርጉ። አንደኛ የኮምፕሬሽን ምርመራ። ሲሊንደሩ ውስጥ 80 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ይለቀቃል፣ ስንቱን እንደያዘ ይታያል። ከ70 በላይ ከያዘ ደህና ነው። ከያዘው ቁጥር ይልቅ ግን ጆሮህን አምናለሁ። አየሩ በዘይት መሙያው በኩል ሽሽ ካለ ፋሻ ነው። በጭስ ማውጫው ከሆነ የጭስ ቫልቭ ነው፤ በካርቡራተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ የመግቢያው። ሁለተኛ፣ የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈትታችሁ እዩ። ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ፋሻ ያሳለፈው ዘይት የሚተኛው ከታች ነው። ሦስቱ ደርቀው አንዱ ከረጠበ አራት ሲሊንደር የሚወርድበት ምክንያት አይታየኝም፤ አንዱ ይበቃል። ሦስተኛ፣ አሮጌው የዘይት ማጣሪያ ሳይጣል ተቆርጦ ይከፈት። የወረቀቱን እጥፋት ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፣ ማግኔት አስጠጉበት። የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ስለ ኳርት መጨቃጨቁ ይቅርና ሞተሩ ይቁም።

ጓደኛህ «የእኔ ቶዮታ ከዘይት ለውጥ እስከ ዘይት ለውጥ ጠብታ አይጎድልባትም» ማለቱ አይቀርም። የቶዮታው ሞተር በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ አይዋዥቅም፣ ስለዚህ ፒስተኑ ጥብቅ ብሎ ይሠራል። የእናንተ በንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ሽቅብ ስትወጡ ይግላል፣ ስትወርዱ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱና አሉሚኒየሙ የሚለጠጡት እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቶለታል። መጠኑም ሌላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች 5.2 ሊትር ናቸው። አንዷ ሲሊንደር ብቻዋን ከባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ ሙሉ ሞተር ትበልጣለች።

ሞተሩ በቅርቡ ታድሶ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት እንዴት እንዳበረራችሁት ጻፍልኝ። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚላመደው ሲጨነቅ ነው። እንዳይጎዳ ብላችሁ ካባበላችሁት ዘይቱ ግድግዳው ላይ ተጋግሮ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፣ ፋሻው የሚይዘው ነገር ያጣል። ፍጆታው እስኪረጋ ከ65 እስከ 75 በመቶ ጉልበት ነው መስጠት። አዲስ አበባ ይህ ራስ ምታታችን ነበር። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር የነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ብትገፋለትም 75 በመቶን ማለፍ ይከብደዋል። አንድ ጊዜ አዲስ የታደሰ ሞተር ዘይት መብላቱን አልተው ቢለን ድሬዳዋ ወሰድነው፤ እዚያ ከፍታው 1,160 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ጎህ ሲቀድ እየተነሳን ሦስት ማለዳ ጉልበት ሰጥተን በረርንበት። ከሰዓት ሥራ ስለሌለ ከዚራ ሰፈር ሻይ እየጠጣን እንውል ነበር። ሲመለስ የሚበላው ከግማሽ በታች ሆኗል። ከቴክኒክ ጉዞዎቼ ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ሌላው፣ አራት ባለቤት ያለው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ይቆማል። እያንዳንዱ «እሱ ሳይበርበት አልቀረም» ይላል። የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ይዝጋል፤ ዝገቱ ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በላይካሚንግ ደግሞ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ያለው ከላይ ስለሆነ ዘይቱ ወርዶለት ቶሎ ይደርቃል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ብረሩበት። ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ይተናል። መሬት ላይ አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማጉረምረም ውሃ መጨመር ነው፣ ምንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ዳላስ የበረራ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ዲፕስቲኩን ሳየው ሰባት ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል በርረን ገና እንደቆምን አስተማሪዬ አይቶ «ስድስት» አለ። ምሳ በልቼ ስመለስ ስድስት ተኩል ሆኖ ጠበቀኝ። ዘይት ይወልዳል እንዴ?

መልስ፦ አይወልድም ልጄ፣ ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ በየቦታው ተበትኖ ነው ያለው፤ ቫልቮቹ ጋ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ። ተጠራቅሞ ገንዳው እስኪደርስ አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ስጪው። አስተማሪሽ ቸኩሏል። በዚያ ቁጥር ላይ አንድ ኳርት ጨምሮ ከነበረ፣ በማግስቱ ጠዋት ከሰባት አልፎ ታገኚውና ትርፉ በመተንፈሻው ይወጣል።

በየትኛው ሰዓት እንደምትለኪ ያንቺ ምርጫ ነው፤ ግን ሁሌ አንድ ይሁን። እኔ ጠዋት፣ ከመጀመሪያው በረራ በፊት እወዳለሁ። ዲፕስቲኩን አውጥተሽ ጥረጊው፣ መልሰሽ ክተቺው፣ ከዚያ አንብቢ። የመጀመሪያውን ንባብ አትመኚው። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ መቆሙንም እዪ። የፊት እግሩ ንፋስ ጎድሎት ከተኛ ሞተሩ ያጎነብሳል፤ ላይካሚንግ ላይ መለኪያው ከኋላ በኩል ስለሆነ ያነሰ ያሳይሻል። አንድ ክረምት ሙሉ ዘይት ይበላል ሲባል የነበረ አውሮፕላን መጥቶልኝ የፊት እግሩን ሞልቼ ሸኝቼዋለሁ።

ክዳኑን በጣትሽ ብቻ እሰሪው። በትኩሱ በኃይል ያጠበቁት ሲቀዘቅዝ ይነክሳል፤ ጠዋት በፒንሳ የሚታገለው ተማሪ አንቺ ትሆኛለሽ። ወጣት ሳለሁ እኔ የተገላቢጦሹን ሠርቻለሁ። ክዳኑን ሳላዞረው እንዲሁ አስቀምጬው፣ ሰው ሲጠራኝ ሄድኩ። አውሮፕላኑ ሩብ ሰዓት በርሮ ሲመለስ ግራ ጎኑ በሙሉ ዘይት ለብሷል። ፓይለቱ ወርዶ ምንም አልተናገረኝም። መሀረቡን አውጥቶ ጣቱን ጠረገና መሀረቡን እጄ ላይ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ ክዳን ከዘጋሁ በኋላ እጄን ጭኜ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ጋራዥ አለኝ። የአውሮፕላን ዘይት ጠርሙስ አንድ ወዳጄ አሳየኝ፤ «ደብሊው 100» ይላል። መቶ ቁጥር ዘይት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የእኛ ዘይት ምን ጎደለው? ያውም እኮ የተሻለ ማጽጃ አለው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩ አያስደንግጥህ። በአውሮፕላን ቤት 100 ማለት በአንተ ቋንቋ 50 ቁጥር ነው፤ 80 ማለት 40። «ደብሊው»ውም የአንተ 15ደብሊው-40 ላይ ያለው የክረምት ምልክት አይደለም። ዘይቱ አመድ የማይተው ማጽጃ እንዳለው የሚናገር ነው። ማጽጃ የሌለበት ያለ ደብሊው፣ «100» ብቻ ተብሎ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ሞተር ማላመጃ ነው።

ቁልፉ አመዱ ላይ ነው። የመኪና ዘይት ማጽጃና ፍትጊያ መከላከያ ውስጥ ብረት አለ፣ ካልሲየምና ዚንክ የመሳሰለ። መኪና ዘይት ስለማይበላ ችግር የለውም። የአውሮፕላን ሞተር ግን ሲያቃጥለው አመዱ ፒስተኑ አናት ላይ ይቀራል። አመዱ ሲግል ካንዴላው ሳያዝዝ ነዳጁን ቀድሞ ያቀጣጥላል፤ ፒስተንም ይበሳል። በዚያ ላይ የእነዚህ አውሮፕላኖች አብዛኛው ቤንዚን እስከ ዛሬ እርሳስ አለበት። ዘይቱ ያንን ግራጫ ጭቃ ተሸክሞ መውጣት አለበት። ስለዚህ ነው ማጣሪያ ያለው ሞተር በ50 ሰዓት፣ ወንፊት ብቻ ያለው በ25 ሰዓት፣ ባይበርም በአራት ወር ዘይት የሚቀየርለት።

አንድ አመጸኛ የአውሮፕላን ሞተር አለ፤ ሮታክስ። ማርሹና ሞተሩ አንድ ዘይት ይጋራሉ፣ ስለዚህ የሞተር ሳይክል ዓይነት ዘይት ነው የሚወስደው። ዘይቱ የሚቀመጠው ለብቻው ጣሳ ውስጥ ነው። ከመለካትህ በፊት ማብሪያው መጥፋቱን አይተህ ፕሮፔለሩን በእጅህ ታዞራለህ፤ ጣሳው እንደ ጠገበ ሕፃን እስኪያገሳ። ካላገሳ ቁጥሩ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። በልጅነቴ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነበር ቤታችን። ዲሲ-3 ሊነሳ ሲል ሠራተኞች ፕሮፔለሩን በእጃቸው ሲያዞሩ በአጥር እናይ ነበር። ዘይቱን ለማሞቅ ነው ይሉን ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ለማሞቅ አልነበረም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ ዘር ነው። ሁለት ሞተር አለው፤ እያንዳንዱ ሞተር አሥራ አራት ሲሊንደር በክብ ተደርድሮበታል። በክብ ስለሆነ የታችኞቹ ሲሊንደሮች ተዘቅዝቀው ነው ያሉት። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ በፋሻዎቹ እየሰረገ እዚያ ይጠራቀማል። ዘይት አይታመቅም። ያ ዘይት እንዳለ ሞተሩ በጉልበት ቢነሳ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጣመማል፣ ሲብስም ሲሊንደሩ ይገነጠላል። ሰዎቹ በእጃቸው የሚያዞሩት ዘይት መኖሩን ለማወቅ ነበር።

ስለ ዘይት መብላት ከተነሳ፣ እነዚያ ሞተሮች በኳርት አይጠየቁም፣ በጋሎን ነው። ባለ ዘጠኝ ሲሊንደሩ ቢቨር ላይማ የዘይት መሙያው ፓይለቱ አጠገብ ስለነበር እየበረሩም ይጨምሩለታል።

ፕሮፔለሩ መሃል ላይ እምቢ ካለ አይታገሉትም፣ ወደ ኋላም አይመልሱትም። ወደ ኋላ ከተመለሰ ዘይቱ መግቢያው ቱቦ ውስጥ ይደበቅና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። የታችኞቹ ካንዴላዎች ተፈትተው ይፈሳል። እኔ መጀመሪያ እንድፈታ የታዘዝኩ ቀን ባልዲ መያዝ እንዳለብኝ የነገረኝ አልነበረም። ግማሽ ሊትር የሚሆን ጥቁር ዘይት አዲሱ ጫማዬ ላይ ወረደ።